ንግድ መጀመር የሚፈልግ ተማሪ ወደ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ፦ ለባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ወደ መረጃ ጠረጴዛዬ መጥታ «ስለ ንግድ የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» አለችኝ። ሰልፍ ነበረ። 658 የሚለውን መደርደሪያ በእጄ አመለከትኳትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ልትመልስ መጣች። «ረዳሽ?» ብላት «ስለ ትልልቅ ድርጅቶች አስተዳደር ነው የሚያወራው» አለችኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና የምትፈልገውን እንደገና ጠየቅኳት። ለካስ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሠርታ ለመሸጥ አስባለች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞክራው ሠርቶላታል። የማታውቀው ማን እንደሚገዛት፣ በስንት እንደሚገዛትና እሷ የምታስበውን ሌላ ማን እየሸጠ እንደሆነ ነው።

ሦስቱም መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኛው መልስ ደግሞ እኔ ከተቀመጥኩበት ኮምፒውተር ላይ ይገኝ ነበር። መጽሐፍ የጠየቀችኝ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው መጽሐፍ ብቻ ስለመሰላት ነው፤ እኔም መጽሐፍ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም አንድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ ገንዘብ አይሰጥም፤ ሐሳብህ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎም አይፈርድም። ማንም የማይሠራለትን አንድ ሥራ ግን ይሠራል፦ ግምቱን ሊጣራ ወደሚችል ጥያቄ ይቀይርለታል፣ እስኪጣራም ድረስ አጠገቡ ይቀመጣል። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ የንግድና የአእምሯዊ ንብረት ማዕከል ሲከፍት መነሻው ይኸው ነበር፤ በስብስቡ ውስጥ ያለውን የገበያ ጥናትና የፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት) መረጃ ንግድ ለሚጀምሩ ሰዎች ማቅረብ። የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ያን ያህል ሕንፃም በጀትም አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለውን አንድ ባለሙያ በሳምንት ጥቂት ሰዓት መድቦ ሊጀምረው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ አዳምጡ

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከግዢ ነው፤ መጻሕፍት ይገዛሉ፣ «የሥራ ፈጠራ ማዕዘን» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፣ ከዚያ ማንም አይመጣም። መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ተማሪዎችን አንድ በአንድ ለግማሽ ሰዓት ያህል አነጋግሩ። የቢዝነስ ተማሪዎችን ብቻ አትምረጡ። ከምህንድስና፣ ከግብርና፣ ከጤና፣ ከሥነ ጥበብ አምጡ፤ በእጅ የሚያዝ ምርት ይዘው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ተማሪ ሆነው ሳለ አንድ ነገር እየሸጡ ያሉም አሉ። ልብስ ያስመጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ስልክ ይጠግናሉ። «ሥራ ፈጣሪ» ተብለው ቢጠሩ ዞር አይሉም፤ እርዳታው ግን ከሁሉም በላይ ለእነሱ ቶሎ ይደርሳል።

«ቤተ መጻሕፍቱ ምን ያድርግላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ዋይፋይ ነው። «መጨረሻ ላይ ያቆመህ ነገር ምን ነበር?» «ያንን ለማወቅ ማንን ጠየቅሽ?» «ምን ብለው መለሱልሽ?» በሉ። መልሶቹን በተማሪዎቹ ቃል ጻፉ። አንዱ «ዋጋ ማውጣት አቃተኝ» ካለ «የዋጋ ትመና ሥልጠና ፍላጎት» ብላችሁ አትቀይሩት። በኋላ ማስታወቂያ ስትጽፉ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው።

መጠይቅ መበተን ከዚህ በኋላ ይምጣ። ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቁ የተበተነ መጠይቅ የሚመልሰው አስቀድመው የገመቱትን ነው።

ደረጃ 2፦ ድንበሩን በአንድ ገጽ ጻፉ

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጠበቃም ሒሳብ አዋቂም አይደለም። አንድ ተማሪ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ላቋቁም ወይስ በግሌ ልመዝገብ?» ሲል ሕጉን፣ የመንግሥትን መመሪያና ሁለቱን የሚያነጻጽር ጽሑፍ ታቀርቡለታላችሁ። ምርጫውን አትመርጡለትም። ለግብር፣ ለውልና ለብድርም እንደዚሁ። ይህ ራስን ከተጠያቂነት ለማዳን ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ምክር ይዞ የሄደ ልጅ የሚከስረው የራሱን ወይም የቤተሰቡን ገንዘብ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ ምስጢር ስለመጠበቅ ጻፉ። ተማሪው የነገራችሁን ሐሳብ ለሌላ ተማሪ፣ ለመምህር፣ ጀማሪ ንግዶችን ለሚደግፈው የኮሌጁ ኢንኩቤሽን ማዕከልም ቢሆን ያለ ፈቃዱ አትነግሩም። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ያጋጥማል። አንደኛው ስለ ሌላኛው ከእናንተ መስማት የለበትም።

ከገጹ ጀርባ ወደ ማን እንደምትልኩ ይዘረዘር። የኮሌጁ የሕግ ክፍል ነጻ አገልግሎት ካለው፣ የሒሳብ መምህር ፈቃደኛ ከሆነ፣ የንግድ ምዝገባና የግብር መሥሪያ ቤቶች መረጃ ክፍል። የመሥሪያ ቤት ስም ብቻ አትጻፉ፤ የትኛው መስኮት፣ በየትኛው ሰዓት የሚለውንም ጨምሩ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ደውላችሁ አረጋግጡ። ያረጀ ዝርዝር ተማሪን አንድ ጊዜ ካንከራተተ ሁለተኛ አይመለስም።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የታወቀ ሰዓት

አዲስ ክፍል አትጠብቁ። የሚያስፈልገው መነጋገር የሚፈቀድበት ጥግ፣ ትልቅ ስክሪን ወይም ሁለት ሰው የሚያየው ኮምፒውተር፣ ነጭ ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ባለቤት ነው። የሁሉም ሥራ የሆነ ነገር የማንም አይሆንም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከባለሙያው ስም ጋር ይለጠፍ፤ ሰዓቱ ከላቦራቶሪ ትምህርት ጋር እንዳይጋጭ የትምህርት ክፍሎችን ፕሮግራም ተመልከቱ።

ደረጃ 4፦ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሳዩ

ከ1876 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ዕውቀትን በዘርፍ ይከፍላል እንጂ በሰው ችግር አይሰበስብም። የሳሙናዋ ተማሪ የሚያስፈልጋት አራት ቦታ ተበትኖ ነበር፦ ሒሳብ አያያዝ 657፣ አስተዳደርና ግብይት 658፣ የንግድ ሕግ 346፣ የሳሙና ቴክኖሎጂ ራሱ 668። አንድ ጀማሪ አራቱንም በራሱ ያገኛል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም። መጻሕፍቱን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ፤ በአንድ ገጽ መንገድ አውጡላቸው። «ምግብ ነክ ነገር ማምረት ለሚፈልግ»፣ «መተግበሪያ ለሚሠራ»፣ «አገልግሎት ለሚሸጥ» እያላችሁ ሦስት ወይም አራት ገጽ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ላይ ከ10 የማይበልጡ ምንጮች፣ ለእያንዳንዱም «ይህን ለምን ትከፍተዋለህ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር።

ያረጁትን የንግድና የግብር ሕግ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አውርዱ። በታሪክ መጽሐፍ ዕድሜ አይጎዳም፤ የተሻረ ሕግ አምኖ ውል የፈረመ ተማሪ ግን ይጎዳል። ለመግዛት በጀት ካለ ከስኬት ታሪኮች ይልቅ መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝ፣ የወጪ ስሌትና የደንበኛ ቃለ መጠይቅ አደራረግን ግዙ፤ ከአንዱ መጽሐፍም ከአንድ በላይ ቅጂ። በውሰት የሚሰጡ ዕቃዎችም ብዙ ይሠራሉ። የምርት ፎቶ ለማንሳት ካሜራና መብራት፣ ቃለ መጠይቅ ለመቅዳት መቅጃ፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን።

ደረጃ 5፦ መረጃ፣ ነጻውን አስቀድማችሁ፤ የሚከፈልበትን ውሉን አንብባችሁ

ነጻ የሆነው ከምናስበው በላይ ነው። የዓለም ባንክ የአገሮችን የኢኮኖሚና የሕዝብ አሐዝ ያለ ክፍያ ያወጣል። የተባበሩት መንግሥታት ኮምትሬድ የትኛው አገር ምን ዕቃ፣ በስንት፣ ከየት እንዳስገባ ያሳያል። የምግብና እርሻ ድርጅቱ ፋኦስታት የሰብልና የእንስሳት ምርትን፣ የዓለም ሥራ ድርጅት የሥራ ገበያን ይዟል። የየአገሩ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት የቤተሰብ ወጪ ጥናት ካወጣ ለጀማሪ ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሰዎች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንደሚያወጡ በቀጥታ ይናገራል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት ደግሞ በ2002 በተጀመረው ሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል የጥናት መጽሔቶችን በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ፤ ተቋሙ መመዝገብ አለበት።

አሁን ብዙ ባልደረቦቼ ወደሚያልፉት ነገር ልምጣ። ኮሌጃችሁ የሚከፍልበት የገበያ ጥናት ዳታቤዝ ካለ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። ብዙዎቹ ውሎች አጠቃቀሙን ለትምህርትና ለምርምር ይወስኑታል፤ ለንግድ ዓላማ መጠቀምን ይከለክላሉ። ተማሪው ለክፍል ሥራ የንግድ እቅድ ሲጽፍ ይፈቀድለታል። ያንኑ ሠንጠረዥ ለባለሀብት በሚያቀርበው ሰነድ ላይ ሲለጥፈው ውሉን ጥሷል፤ ያንን ያስከተለውም የእኛው ዝም ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። ውሉ ምን እንደሚል በቀላል ቋንቋ ከዳታቤዙ መግቢያ ላይ ጻፉ። በሚታደስበት ጊዜ «በተማሪ የሚመሠረት ጀማሪ ንግድ ለመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ሊጠቀም ይችላል» የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ አቅራቢ የለም፣ ሲጠየቅ ግን የሚስማማ አለ። ከተመረቁ በኋላ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። የተማሪው መለያ በምረቃ ማግሥት ሲዘጋ ንግዱ ገና መጀመሩ ነው። ውሉ በአካል መጥተው የሚጠቀሙ ሰዎችን የሚፈቅድ ከሆነ ተመራቂዎች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር እንዲጠቀሙ በግልጽ ንገሯቸው።

ደረጃ 6፦ ምክክሩ

የዚህ ሁሉ ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። ለአንድ ተማሪ 45 ደቂቃ ያዙ። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ኮምፒውተር አትንኩ። «ምን ትሸጣለህ?» «የሚገዛህ ማን ነው?» «ያ ሰው አሁን ችግሩን በምን እየተወጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ዝምታውን አትሙሉት፤ መጣራት ያለበት ነገር ያለው እዚያ ነው።

ከሳሙናዋ ተማሪ ጋር ያደረግነውን ላሳያችሁ።

ሐሳቧ «ሁሉም ሰው ሳሙና ይገዛል» የሚል ነበር። ወደ ጥያቄ ስንቀይረው «በዙሪያዬ ያሉ ካፌዎች ለዕቃ ማጠቢያ በወር ስንት ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ይጠቀማሉ፣ ከማን፣ በስንት?» ሆነ። አሁን የሚፈለግ ነገር አለ።

መጀመሪያ የዓለም ንግድ አሐዝን ከፈትን። ዕቃዎች ድንበር ሲያልፉ የሚመዘገቡት በኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ዕቃዎች በሚመደቡበት ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው። ኮዱን የሚያወጣው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 አሐዞች በተጠቃሚ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። «ሳሙና» ብላ ስትፈልግ 3401 አገኘችና ልትቀጥል ስትል አስቆምኳት። ኬሚስት ናት፤ የኮዱን ማብራሪያ ራሷ እንድታነበው አደረግኩ። 3401 ዋናው ሳሙና ነው፤ ቅባት ከአልካሊ ጋር ተዋህዶ የሚወጣው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ግን ባብዛኛው የሚሠራው ከሰው ሠራሽ ሰርፋክታንት (ቅባትና ቆሻሻ ከሚያስለቅቅ ኬሚካል) ስለሆነ የሚመዘገበው 3402 ሥር ነው። በ3401 ብትቀጥል ኖሮ የሌላ ሰው ገበያ ትለካ ነበር። ሌላም ወጥመድ አለ። ኮዱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ በ2022ቱ ማሻሻያ በችርቻሮ የታሸጉ ማጠቢያዎች ከ3402.20 ወደ 3402.50 ተዛውረዋል። ይህን የማያውቅ ሰው መስመሩ 2022 ላይ ሲቋረጥ ያይና ገበያው ወደቀ ብሎ ይደመድማል።

ከዚያ አንድ ትንሽ ሒሳብ አሳየኋት። የገባውን ዕቃ ዋጋ ለክብደቱ ብታካፍሉ የኪሎ አማካይ ዋጋ ይወጣል። ለምሳሌ 600,000 ዶላር ለ400,000 ኪሎ ሲካፈል 1.50 ዶላር ነው። ይህ የመደርደሪያ ዋጋ አይደለም፤ ቀረጥ፣ ግብር፣ የአገር ውስጥ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ አልገቡበትም። ቢሆንም የእሷ ማምረቻ ወጪ ገና ከዚያ በላይ ከሆነ ከወዲሁ ማወቋ ይጠቅማታል። አገር ውስጥ የሚመረተውን የንግድ አሐዝ አያሳይም። ለእሱ የኢንዱስትሪ ጥናቶችን በአይሲክ (የኢኮኖሚ ሥራዎች ዓለም አቀፍ አመዳደብ) ቁጥር 2023 ፈለግን፤ በአራተኛው የአይሲክ እትም ይህ የሳሙና፣ የማጽጃና የመዋቢያ ምርት ክፍል መለያ ነው እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ይህንንም ለተማሪ መንገር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው መረጃ ከስክሪን አልመጣም። «በገበያው ውስጥ 1 ከመቶ ብቻ ብይዝ» የሚለውን ስሌት አንሠራም ተባባልን። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ግምት ሁልጊዜ የሚያምር ቁጥር ይሰጣል፤ ያ አንድ ከመቶ ማን እንደሆነና ለምን እንደሚገዛ ግን አይናገርም። ከታች ጀመርን። በእግር በሚደረስበት ዙሪያ ያሉ ካፌዎችን በካርታ ቆጠረች፤ 40 ናቸው እንበል። እያንዳንዱ በወር 5 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ነው። ያንን «5 ሊትር» እውነት ለማድረግ 12 ካፌዎች ሄዳ ለመጠየቅ ወሰነች። የጥያቄ ወረቀቱን አብረን አዘጋጀን። «የእኔን ትገዙ ነበር?» የሚለውን ሰረዝን፤ ሰው ለልጅ «አዎ» ይላል። በምትኩ «ባለፈው ወር ስንት ገዛችሁ? ስንት ከፈላችሁ? ደረሰኙን ላየው እችላለሁ?» አልን።

ይህን ምክክር ስትጨርሱ ተማሪው ሦስት መስመር ጽፎ ይውጣ፦ ያወቅሁት፣ ገና የማላውቀው፣ በሚቀጥለው ሳምንት የማጣራው። ቅጂው እናንተ ጋ ይቀመጥ። ሲመለስ ውይይቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ቃል። አሁን ተማሪዎች በቻትቦት የተጻፈ ሙሉ የገበያ ጥናት ይዘው ይመጣሉ። አትቆጧቸው። ወረቀቱን አስቀምጡና «እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንደመጣ አብረን እንፈልግ» በሉ። ምንጩ የተገኘው ይቀራል፣ ያልተገኘው ይሰረዛል። ሁለት ሦስት ቁጥር ሲሰረዝ ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠይቃል። ይህ እኛ ስንሠራው የኖርነው ሥራ ነው፤ ከመቼውም የበለጠ የተፈለገውም አሁን ነው።

ደረጃ 7፦ ፓተንትና የንግድ ምልክት

ተማሪዎች ፓተንትን የሚያስቡት እንደ አጥር ብቻ ነው። ነጻ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መሆኑን አሳዩአቸው። አመልካቹ መብቱን የሚያገኘው ፈጠራውን በሙያው ያለ ሰው ሊሠራው በሚችልበት ዝርዝር ገልጦ ሲጽፍ ነው። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ኢስፔስኔትና ጉግል ፓተንትስ ሦስቱም ያለ ክፍያ ይፈለግባቸዋል። በቃል ፈልገው አንድ የሚቀርብ ሰነድ ሲያገኙ በላዩ ላይ ያለውን የአመዳደብ መለያ ይውሰዱና በእሱ ደግመው ይፈልጉ፤ በሌላ ቃል የተጻፈውንም ያመጣላቸዋል።

ሊነገራቸው የሚገቡ ጥቂት እውነቶች አሉ። ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ሲሆን ዘመኑ በአብዛኛው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። በእናንተ አገር ያልተመዘገበውን ወይም ዘመኑ ያለፈውን ሠርቶ መጠቀም ይቻላል፤ ምርቱን መብቱ ወደሚጸናበት አገር መላክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማመልከቻ ለሕዝብ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገባ ከ18 ወር በኋላ ስለሆነ «ፈልጌ አላገኘሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ሊያደርሰው የሚችል ጉዳትም አለ። ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስ ከሆነ ነው። ተማሪው ከማመልከቱ በፊት አሠራሩን በአደባባይ ከገለጸው አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸ የ1 ዓመት ፋታ ይሰጣል፤ የአውሮፓ ፓተንት ሕግ ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር እንዲህ ያለ ፋታ የለውም። ስለዚህ የሐሳብ ውድድር ስታዘጋጁ፣ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ስትለጥፉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በዲጂታል ማከማቻ ለሁሉም ስትከፍቱ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ፓተንት ልታመለክት ታስባለህ?» ካሰበ አሠራሩን ሳይገልጽ ጥቅሙን ብቻ ያቅርብ፤ የጽሑፉም መከፈት ለጊዜው ይዘግይ።

ለንግድ ምልክት ደግሞ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትን ዓለም አቀፍ የምልክቶች ዳታቤዝና የአገሩን መዝገብ አብራችሁ ፈልጉ። ለንግድ ምልክት ምዝገባ በሚያገለግለው የኒስ አመዳደብ ዕቃዎች ከ1 እስከ 34፣ አገልግሎቶች ከ35 እስከ 45 ክፍሎች አሏቸው፤ ማጠቢያ ሳሙና 3ኛው ክፍል ነው። ተማሪዋ የመረጠችው ስም በክፍል 3 ተይዞ አገኘነው። ተለጣፊ ወረቀቱን ሳታሳትም መሆኑ ደስ አላት። የተባበሩት መንግሥታት አካል የሆነው ይኸው የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ከ2009 ጀምሮ የቴክኖሎጂና ፈጠራ ድጋፍ ማዕከላትን ከአገሮች ጋር ሆኖ ያቋቁማል። ብዙዎቹ የሚቀመጡት በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ነው፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍታችሁ ሊሆን ይችል እንደሆነ የአገራችሁን የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ አጭር ሥልጠና፣ ተማሪው አንድ ያለቀ ነገር ይዞ የሚወጣበት

ከ90 ደቂቃ አይብለጥ፤ ግማሹ እጅ የሚሠራበት ይሁን። በመጀመሪያው ተማሪው የራሱን ግምት ወደ ሦስት ጥያቄ ቀይሮ ይወጣል። በሁለተኛው ገበያውን ከታች ወደ ላይ ያሰላል። በሦስተኛው የምርቱን የአንዱን ወጪ አውጥቶ ዋጋ ይተምናል፤ የራሱን ጉልበት ዋጋ እንዲጽፍ አስገድዱት፣ ሁሉም ይረሱታል። በአራተኛው ስሙንና ፓተንቱን ይፈልጋል። ፈተና ባለበት ሳምንት አታድርጉ።

እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ ንግዱን ዘግቶ የሚያውቅ ሰው ጋብዙ። የተሳካለትን ለመጋበዝ ሁሉም ይቸኩላል፤ ተማሪዎች ግን ገንዘቡ በየትኛው ወር እንዳለቀና ምን ምልክት ሳያይ እንዳለፈ ከሚናገር ሰው ፊት እስክሪብቶ ሲያነሱ አይቻለሁ።

ከመምህራንና ከኢንኩቤሽን ማዕከሉ ጋር ያለው ሥራ ቀላል ነው። ማዕከሉ ማመልከቻ ከመቀበሉ በፊት ተማሪው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ አንድ ምክክር እንዲያደርግ ቢጠይቅ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። መምህሩም የንግድ እቅድ የቤት ሥራ በሚሰጥበት ሳምንት ይንገራችሁ።

ደረጃ 9፦ የሰው ብዛት ሳይሆን የተለወጠ ውሳኔ መዝግቡ

የኮሌጁ አስተዳደር ስንት ሰው መጣ ብሎ ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ስጡ። ለራሳችሁ ግን ከእያንዳንዱ ምክክር በኋላ አንድ መስመር ጻፉ፦ ተማሪው ከዚህ በፊት ምን ሊያደርግ ነበር፣ አሁንስ ምን ወሰነ? ስም አያስፈልግም። ከ6 ወር በኋላ ፈቃድ የሰጡትን ደውላችሁ ጠይቁ። ሐሳቡን የተወ ተማሪ በመዝገባችሁ ላይ እንደ ውድቀት አይጻፍ። የእናቱን ቁጠባ ከማውጣቱ በፊት ገበያ እንደሌለ ያወቀ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ከሰጠው አገልግሎት ሁሉ ትልቁን አግኝቷል። በጀት ስትጠይቁም ከቁጥሩ ሠንጠረዥ በታች አምስት ወይም ስድስት እንዲህ ያሉ መስመሮች አያይዙ።

የሳሙናዋ ተማሪ መስመር ከእኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ለቤት ተጠቃሚ በትንንሽ ጠርሙስ ልትሸጥ ነበር። 12 ካፌ ጠየቀች፤ 9ኙ በጄሪካን እንደሚገዙ፣ የሚያማርራቸው ዋጋው ሳይሆን አቅራቢው ቀን አለመጠበቁ እንደሆነ ነገሯት። ጠርሙሱን ተወች። ለሦስት ካፌ በየሳምንቱ ሰኞ ማድረስ ትሞክራለች። ስለ ጄሪካን አቅራቢዎችና ስለ ኬሚካል አያያዝ ደንብ ሐሙስ ትመለሳለች።»